ተራ ያልነበረው ድስት

ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ባኮ ላይ በሩ አልዘጋ አለና መንገድ ዳር ካለ ብየዳ ቤት ቆምን። ሹፌሩ «አምስት ደቂቃ ነው» አለ። የብየዳ ቤት አምስት ደቂቃ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ወረድኩ። ድሮም ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንልኝም። በያጁ ኤሌክትሮዱን ከብረቱ ጋር ሲያነካካው ያ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ብረት፣ ያልደረቀ አንቲረስት ቀለም፣ ከጓሮ በኩል ደግሞ የሆነ ቦታ የሚቁላላ ሽንኩርት። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ሳብኩት።

ብረትና ሽንኩርት አንድ ላይ ሲሸተኝ የሚመጣብኝ አንድ ክረምት ብቻ ነው፤ አምቦ ላይ አራተኛ ክፍልን የጨረስኩበት። በዚያ ዓመት በከተማችን ብዙ ነገር ሆኗል። ሱቅ የተዘጋበት፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክ የጠፋበት ቀን ነበር። እሱን የሚያውቁት ይጻፉት። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ድስት ነው።

አባቴን አምቦ የሚያውቀው «ኦቦ ቶለሳ በያጁ» ብሎ ነው። ብየዳ ቤቱ ወደ ጉደር መውጫ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር፤ ሦስት ጎኑ ቆርቆሮ፣ አንዱ ጎኑ ክፍት። የግቢ በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር መቆሚያ ይሠራል። ወንበሩ የተሰበረበት ባጃጅም የሚመጣው እሱ ጋ ነው። ሁለት ሠራተኞች ነበሩት። ጋሽ ከማል ከአባዬ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ሆዱ ገፋ ያለ የሚመስል፣ ዝናብም ይዝነብ ፀሐይም ይውጣ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነው። ለሜሳ ደግሞ ወንደላጤ ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ ከብረት መቁረጫው ግራይንደር በላይ የሚጮህ።

እኔ ለብዙ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ከማል ይመስለኝ ነበር። አትፍረዱብኝ፤ ኮት የለበሰው እሱ ነው። አባዬን ደግሞ ግማሹን ጊዜ የማየው መጥረጊያ ይዞ ነው። እዚያ ቤት መጥረጊያው ተራ ነበረው፤ ዛሬ ለሜሳ ከጠረገ ነገ ጋሽ ከማል፣ ከነገ ወዲያ አባዬ። ምሳ ሲደርስ እጅ ማስታጠብም በተራ ነው። ሌላ ቦታ ትንሹ ለትልቁ፣ ተቀጣሪው ለጌታው ነው ውሃ የሚያፈሰው። እዚያ ግን ጆጉን ይዞ ለለሜሳ ጎንበስ የሚለው ባለቤቱ ራሱ የሚሆንበት ቀን አለ። ደህናው የብየዳ ማስክ አንድ ብቻ ስለነበር እሱን የሚያደርገው የዚያን ቀን ረጅሙን ብየዳ የያዘ ሰው ነው። የቀሩት በጥቁር መነጽር ይሠሩና ዓይናቸውን ሲያቃጥላቸው ጥሬ ድንች በስሱ ቆርጠው ይለጥፉበታል።

አንድ ቀን የክፍሌ ልጅ ከእናቷ ጋር በር ሊያሠሩ መጡ። እናትየዋ አባዬን «ባለቤቱን ጥራልኝ» አለችው። አባዬ መጥረጊያውን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ ወደ ጓዳ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ተመለሰ። «ጠራሁት፣ መጥቷል፤ ምን ልታዘዝ?» አላት። ሴትየዋ ሳቀች። ልጅቷ ግን በነጋታው ሰፈር ውስጥ «አባትሽ ጠራጊ ነው» አለችኝና ተደባደብን። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ቢሆንም ጠራጊ መሆኑን እኔም አምኜ ነበር።

ያን ክረምት ያመንኩት ነገር ብዙ ነው። ሰማዩ በበረቀ ቁጥር ላይ የሆነ ሰው ሳያስጠነቅቅ የሚበይድ መስሎኝ ፊቴን እሸፍን ነበር። «መብረቅ አየሁ፣ ድንች ቁረጭልኝ» እያልኩ እናቴን አሰለቸኋት።

የእኔ ሥራ ምሳ ማድረስ ነበር። እማዬ፣ ሰፈሩ እትዬ ወይንሸት የሚላት፣ ሠርታ ምሳ ዕቃው ውስጥ ትሞላዋለች፤ እኔ የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ተሻግሬ፣ ጭቃው ጫማዬን እየጎተተ፣ እጀታው መዳፌን እየቆረጠኝ አደርሳለሁ። የምሳው ዓይነት አንድ ነው፤ ሽሮ። ሰኞም ሽሮ፣ የበዓል ማግስትም ሽሮ፣ ያውም በዘይት። እቤት ሥጋ የበላንበት ቀን ሳይቀር ወደ ብየዳ ቤት የሚሄደው ሽሮ ነው። ድህነት መሰለኝ። አንድ ቀን እዚያው ሰው ፊት «አባዬ፣ ገንዘብ የለህም እንዴ? ለምን ሥጋ አትበሉም?» አልኩት።

ለሜሳ በሳቅ ሞተ። አባዬ ግን አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጋሽ ከማል እኛ ያረድነውን አይበላም። እኛም እሱ ያረደውን አንበላም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እኔና ለሜሳ እንጾማለን። ሥጋ ከመጣ ሳህኑ ሁለት ይሆናል። ሳህኑ ሁለት ከሆነ አንዱ ሳህን ጥሩ፣ አንዱ ሳህን መጥፎ ይሆናል።»

«ሽሮ ግን የማንም አይደለችም» አለ ጋሽ ከማል፣ ትልቅ ጉርሻ እየጠቀለለ። «የማንም ስላልሆነች የእኔ ናት።» ጉርሻውን ግን እኔን አጎረሰኝ።

አባዬ ነቀምቴ ብየዳ ሲማር ጌታው በልቶ የተረፈውን ነበር የሚሰጠው አሉ። የሚበላውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው፤ ጌታው ሠራተኛ ሲያኝክ ማየት አይወድም። ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት። እሱ ስለዚያ ዘመን አያወራም፤ ዝም ብሎ መንገደኛውን ሁሉ «ኮቱ ኛዱ፣ ና ብላ» እያለ ይጠራል።

ሐምሌ ላይ ጫልቱ መጣች። የሸነን ከተማ ልጅ ናት፤ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብየዳ የተማረች፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ከእኛ በፊት ሌላ ብየዳ ቤት ጠይቃ «ሻይ የምታፈይልን ከሆነ እሺ» ብለዋት ጥላቸው ወጥታለች። አባዬ ሁለት ቁራጭ ቱቦላሬ ብረት ሰጥቶ አስበየዳት። ሲቀዘቅዝ መዶሻ አንስቶ መታው። አልለቀቀም። እንደገና መታው። አልለቀቀም።

«ነገ በጠዋት ነይ» አላት።

ለሜሳ አጨበጨበ። «እሰይ! ከእንግዲህ ምሳ እዚሁ ትኩስ ትኩሱን ነዋ! እትዬ ወይንሸትም ትረፍ፣ ጫልቱ ትሠራልናለች።»

ጫልቱ ጓንቱን ልታወልቅ እየጎተተች ነበር፤ እጇ መሃል ላይ ቆመ። አባዬ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት።

«ስማ ለሜሳ! ይቺ ልጅ የመጣችው ብረት ልትበይድ ነው። ሴት ስለሆነች ድስት ጋ የሚገፋት ሰው እዚህ ቤት አይውልም። ገባህ?»

«ኧረ ቀልዴን ነው ኦቦ!»

«ቀልዱንም ሌላ ቦታ።»

እኔ ኩራቴን የማደርግበት አጣሁ። ወሬ ሲይዘኝ መቀመጥ አልችልም፤ ባዶውን ምሳ ዕቃ እያንኳኳሁ እቤት ድረስ ሮጥኩ። እማዬ ለነገው ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ጫልቱን፣ መዶሻውን፣ ለሜሳን፣ አባዬ ያለውን ቃል በቃል። «ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡለት!» አልኩ። ይቺን ከራሴ ነው የጨመርኳት።

«ሴት ስለሆነች ድስት ጋ የሚገፋት የለም አለ?»

«አዎ!»

«ቶለሳ?»

«አዎ እማዬ፣ አባዬ!»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ግማሹ የተከተፈውን ሽንኩርት እንደነበረ ትታው እጇን ታጠበች። በጣም ደስ ያላት መሰለኝ።

በነጋታው በምሳ ሰዓት ስመጣ ምሳ ዕቃው ታጥቦ ተደፍቷል። እማዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ሹራቧን ትጠግናለች።

«ምሳውስ?»

«የለም።»

«አባዬን ምን ልበለው?»

«ወይንሸት ሴት ስለሆነች ድስት ጋ የሚገፋት የለም ብላሃለች በይው።»

ባዶ እጄን ሄጄ መልእክቱን አንድም ቃል ሳልቀንስ አደረስኩ። ለሜሳ በርጩማው ላይ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ደረሰ። ጋሽ ከማል ራሱን እየነቀነቀ «ኦቦ፣ ብልጭታውን ያለ ማስክ አየኸው እንግዲህ» አለ። አባዬም መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረና ምን እንደሚያደርገው ጠፋው።

ያን ቀን ተበታተኑ። በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ጋሽ ከማል መስጊዱ አጠገብ ካለው ምግብ ቤት፣ ለሜሳ ሥጋ ቤት። አባዬ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ይውላል። ደግሞ ሳህኑ ሲጠፋ ሌላውም ተከትሎት መጥፋት ጀመረ። ጋሽ ከማል ሥጋ ቤት አርፍዶ ለመጣው ለለሜሳ መጥረግ ተወ፤ ለሜሳም ለጋሽ ከማል። ማስኩ ላይ ተጨቃጨቁ። ጫልቱን «ይሄን እንዲህ ያዢው» የሚላት ሰው ጠፋ። ሁለቱም ምሳው በእሷ ምክንያት የቀረባቸው ይመስል ነበር።

እኔ ለምን እንደምሄድ ባላውቅም በምሳ ሰዓት መሄዴን አልተውኩም። አንድ ቀን ስደርስ ጫልቱ ከቆርቆሮው ጥግ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ደረቅ ዳቦ ትበላለች። ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። አባዬ ከመንገዱ ገባ ሲል አያት። ከነሻይ ብርጭቆው ቆመ። ሊጠራት አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ መንገድ ወጣ።

የዚያን ዕለት ቶሎ ዘግቶ እቤት መጣ። እኔ የሚፋቱ መስሎኝ ከአልጋው ሥር ገብቼ አደመጥኩ።

«ወይንሸት፣ ሰዎቹ ተበተኑ እኮ።»

«ይሰብሰቡ። እጅ የላቸውም?»

«ምግብ የምትሠራ ሴት ልፈልግልሽ?»

«ሌላ ሴት? ጫልቱን ከድስት አውጥተህ ሌላዋን ልትከት? ጎበዝ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

«እኔ ልንገርህ?» ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እማዬ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው። «መጥረጊያው ተራ አለው። እጅ ማስታጠቡ ተራ አለው። ለማስኩ እንኳን ተራ አበጅተህለታል፣ ከተማው ሁሉ ያወራልሃል። ድስቱ ብቻ ነው ተራ የሌለው? ከአገባሁህ ጀምሮ ተረኛዋ እኔ ነኝ። የእኔ ተራ የሚያልቀው መቼ ነው ቶለሳ?»

ከአልጋው ሥር የሚታየኝ የአባዬ እግር ብቻ ነው። የአንዱን ጫማ ማሰሪያ ፈትቶ ሌላኛውን ሳይፈታ ለረጅም ጊዜ ቀረ።

ሰኞ ዕለት ከተራረፈ ፌሮ ብረት ምድጃ በየደ። ከሱቅ ሽሮ፣ ዘይትና ሽንኩርት ገዛ፤ ከጎረቤት ድስት ተዋሰ። የእኛን ድስት ከእማዬ ለመጠየቅ ፊት አልነበረውም። ሽንኩርቱ ሊያር ሲል ነው ውሃ እንደሌለ ያወቀው። የቧንቧው ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ያለው ለሜሳ ጠጥቶ ያስተረፈው አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ነው። አባዬ ውሃ ውሃ ነው ብሎ እሱኑ ገለበጠበት። ሽሮው ተቆጣ። አረፋ እየደፈቀ ወጣ፣ የድስቱን አፍ አልፎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፣ አባዬ በብየዳው ጓንት ድስቱን ይዞ ወዲያ ወዲህ አለ።

«ኦቦ፣ ይሄ ሽሮ ነው ወይስ የልብስ ሳሙና?» አለ ለሜሳ።

«ዝም ብለህ እጅህን ታጠብ።»

«ሽሮውስ አያጥበኝም?»

ጫልቱ አፏን መሸፈን ረስታ ሳቀች። በሉት። ሲበሉት እየተንጫጫ ይመስለኝ ነበር። አባዬም የመጨረሻዋን ጉርሻ ካነሳ በኋላ ተራውን ተናገረ። ዛሬ እሱ፣ ነገ ለሜሳ፣ ከዚያ ጫልቱ፣ ሐሙስ ጋሽ ከማል። ጫልቱም እንደ ማንኛውም ሰው በተራዋ፣ ከተራዋ ውጪ ግን ማንም ማንኪያ እንዳያስነካት።

ጋሽ ከማል ተነሳ። ኮቱን አስተካከለ። «እኔ ልጅ ድሬያለሁ። ድስት ከፍቼ አላውቅም። ባለቤቴ ይሄን ብትሰማ ምን ትላለች?»

«ምን ትላለች?»

«ሰውዬው አበደ ነዋ!»

«እኔም ትናንት እንደዚያው ነበርኩ፤ ይሄው አብጃለሁ» አለ አባዬ። «ጋሽ ከማል፣ ታላቄ ነህ። ብዙ ነገር ካንተ ተምሬያለሁ። እባክህ ብዬ ግን አልለምንህም። ሐሙስ ተራህ ነው። ካልሠራህ ማንም አይሠራልህም፤ ሐሙስ ምሳ የለም።»

ጋሽ ከማል ሳይሰናበት ወጣ።

ለሜሳ በተራው ጨው አበዛ። ጫልቱ በተራዋ አሳረረችው፤ ያን ጊዜ ነው ሴት ሁሉ ወጥ እንደማትችል ያወቅኩት፣ በጣምም ደስ አለኝ። ጋሽ ከማል ሁለቱንም ቀን ራቅ ብሎ ምግብ ቤቱ በላ። ሐሙስ ጠዋት ሥራ አልገባም። አባዬ ከቱቦላሬው ቀና እያለ መንገዱን ያያል። ጋሽ ከማል ከሄደ ብየዳ ቤቱ እንደማይዘልቅ እኔ ልጅቷ እንኳን ገብቶኛል፤ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል የበር ቅስት በዓይኑ ለክቶ የሚያጎብጠው እሱ ነው። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ዝናብ ጀመረ። ለሜሳ «እንግዲህ እንራብ» ብሎ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አደረገ።

ጋሽ ከማል በባጃጅ መጣ። ዘነቢል አቅፏል፣ ኮቱን አውልቆ ዘነቢሉን አልብሶታል። ኮቱን አውልቆ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከሥር ያለው ሰው ቀጭን ነበር ማለት ይቻላል። ጎመን፣ ቆጮ፣ ዘይት፣ ሚጥሚጣ አወጣ።

«ከማለዳ ጀምሮ ባለቤቴ ስታስተምረኝ ነው የዋልኩት» አለ ማንንም ሳያይ። «ስቃ ስቃ ልትሞት። ጎረቤት ጠርታ አሳየችኝ። ምድጃውን ወዲህ በሉ! ጫልቱ፣ አንቺ ቅስቱን ያዢ፤ ከመሃል ነው የምትጀምሪው፣ ከጫፍ አይደለም። እኔ ከዚህ እያየሁሽ ነው።»

አንድ ዓይኑ ጎመኑ ላይ፣ አንድ ዓይኑ ብየዳዋ ላይ ሆኖ አበሰለ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ጎመን አልበላሁም። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሲመጣ ድስቱ ጋ ሰው ሲጠጋ የሚያባርረው እሱ ሆነ።

እማዬ ይህን ሁሉ ከእኔ ትሰማለች። አትስቅም፣ አትቆጣም፤ «እህ» ትላለች ብቻ። አባዬም አልጠየቃት፣ እሷም አልነገረችው። ታረቁ ይሁን አይታረቁ አላውቅም ነበር። ይህ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች የሚታረቁት ሽማግሌ ተቀምጦ ነው ብዬ ስለማስብ፣ ሽማግሌው የሚመጣበትን ቀን እጠብቃለሁ።

ነሐሴ ውስጥ በአንዱ ሐሙስ ጋሽ ከማል በርበሬ አነሰው፤ ከቤት እንዳመጣ ላከኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሬዲዮው ለራሱ ያወራል። እማዬ አልጋው ላይ ተጋድማለች፤ ከነቀሚሷ፣ አንድ እጇ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ፣ አፏ ትንሽ ተከፍቶ። ጠራኋት። አልመለሰችም። ጠጋ ብዬ ጠራኋት። አልመለሰችም።

እማዬን በቀን ተጋድማ አይቻት አላውቅም። ጠዋት ስነሳ ቆማለች፣ ስተኛም ቆማለች። እኔ የማውቃት እናት የምትተኛ ፍጥረት አልነበረችም። ስለዚህ ያለው ምክንያት አንድ ብቻ ነው።

ብየዳ ቤቱ ጋ እስክደርስ ያለቀስኩት ለቅሶ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስነስቷል። «አባዬ! እማዬ ሞተች!»

አባዬ የሚበይደውን ጣለ። ማስኩ ጭንቅላቱ ላይ እንደተገለበጠ ሮጠ። ጫልቱ ተከተለችው፣ እኔ ከኋላቸው። ድልድዩ ላይ ሰዎች «ኦቦ ቶለሳ፣ ምን ተፈጠረ?» ይላሉ፤ እሱ ይሮጣል። አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሳያነሳው ሄደ። በራችን ላይ ሲደርስ በሁለት እጁ ጉበኑን ይዞ ቆመ።

እማዬ ታንኮራፋለች። በደንብ አድርጋ፣ ያለ ይሉኝታ።

ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅኩት። «አሟታል?» አልኩት።

«ተኝታ ነው።»

«በቀን?»

«በቀን» አለ። ደግሞ ለራሱ የሚናገር ይመስል «በቀን» አለ። እዚያው ቆሞ ያያታል። እኔ የእማዬን ፊት የማላውቀው ይመስል ከእሱ ጋር ማየት ጀመርኩ። ግንባሯ ላይ ሁልጊዜ ያለችው መስመር አልነበረችም።

የቀረውንም ጫማ አውልቆ በጣቱ ጫፍ ገባና ሬዲዮውን ዘጋ። የተንጠለጠለውን እጇን አንስቶ ሊያስተካክለው አሰበና እንዳትነቃ ፈርቶ ተወው። ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጫልቱ የሆነ ነገር ልትል ስትል ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «ወይንሸት! ኧረ ወንፊት አበድሪኝ!» ብላ ጮኸች። አባዬ ዘሎ ተነሳ፣ «ሽሽሽ!» አላት፣ ገብቶ ፈለገ። በገዛ ቤቱ ወንፊት የት እንደሚሰቀል አያውቅም። ከበሩ ኋላ ያለውን በጣቴ አሳየሁት። በአጥሩ ላይ አቀበላትና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ምሳው ይቀዘቅዛል ኦቦ» አለች ጫልቱ በሹክሹክታ።

«እናንተ ሂዱ፣ ብሉ። እኔ ትንሽ ልቆይ።»

ጫልቱ ሄደች። እኔ አልሄድኩም፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቁነጠነጥ። ብዙም አልቆየን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አባዬ ቀና ብሎ ሰማዩን ገላመጠው።